ባለቤታቸው የጠፋ አሥራ አንድ ዶሮዎች

ተርኪ የሚሉትን ትልቁን የፈረንጅ ዶሮ አልበላም። ሰው ለምን ሲለኝ «ደረቅ ነው፣ ጉሮሮ ያንቃል» እላለሁ፤ ቀምሼው ግን አላውቅም። ባለፈው ጥቅምት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን፣ እንደ ፈረንጆቹ ቅጠል ሲቀላ ልናይ ወደ ተራራው ስንወጣ፣ ባለቤቴ ቤንዚን ሊቀዳ አንድ ጋዝ ስቴሽን ገባ። የመኪናውን በር ስከፍት የእርጥብ ቅጠልና የቤንዚን ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሞላው። ቦታው ያ የልጅነቴ ጋዝ ስቴሽን አልነበረም። እኔ ግን ፓምፑ አጠገብ ቆሜ የአሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ። «ምን ሆነሻል?» አለኝ። «አባባ ይመር ትዝ አሉኝ» አልኩት። እሱ የሚያውቃቸው በፎቶ ብቻ ነው።

አባባ ይመር የእናቴ አባት ናቸው። የመጡት በነሐሴ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል ነው። እማዬ እሳቸውንና ሴት አያቴን ለማምጣት ፎርም ስትሞላ፣ ወረቀቱ ሲመለስባት፣ እንደገና ስትሞላ ነው ያደግኩት። አያቴ አልደረሱበትም፤ ሞቱ። አባባ ብቻቸውን ከወሎ ገጠር ወጥተው፣ ስካይላይን የሚባል ሰፈር ካለው አፓርትመንታችን አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ አረፉ። የመጀመሪያ ቀን በረንዳው ላይ ቆመው ቁልቁል መኪናውን ሲያዩ ቆዩና «ሱብሓነላህ፣ ይኼ ሁሉ ሰው የት ነው የሚሄደው?» አሉ። አባዬ «ሥራ» አላቸው። «ሁሉም?» አሉ። በሳምንታቸው ደግሞ «እንግዲህ አየኋችሁ፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ልሂድ» አሉ።

እማዬ እብድ ልትሆን ደረሰች። «የት ነው የሚሄዱት? እማማ የሉ፣ እኛ ተበትነናል፣ ማን ውሃ ያቀብልዎታል?» ትላቸዋለች። እሳቸው «አላህ አለ» ይላሉ። እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ታለቅሳለች። በየቀኑ ይኸው ነበር። ልጅ ሞኝ አይደለም፤ ውሃው ለምን እንደሚከፈት አውቅ ነበር።

የሚሄዱት በኔ ምክንያት መስሎኝ ነበር። ክፍሌን ነው የምንጋራው፣ እኔ ደግሞ አንኮራፋለሁ። የመጡ ቀንም ኤርፖርት ላይ በዚያች ስባራ አማርኛዬ «አባባ፣ አንተ ራበህ?» ብያቸዋለሁ። እማዬ ዐይኗን ስታፈጥብኝ ነው አንቱ የሚባል ነገር እንዳለ ያወቅኩት። ከዚያ ደግሞ የላሟ ነገር አለ። ላማቸውን ጎረቤት ትተው እንደመጡ ነግረውናል። በየሳምንቱ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስልክ ይዘው በረንዳ ይወጣሉ፣ የመስታወቱን በር ይዘጋሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በላሽ? ጉልበትሽስ? አብሽሪ፣ እመጣለሁ» ይላሉ። ከላሟ ጋር ነው የሚያወሩት ብዬ ደመደምኩ። አሜሪካ የተወለደ ልጅ ላም ስልክ እንደማታነሳ ያውቃል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ጎረቤትየው ጆሮዋ ላይ ይይዝላታል ብዬ ነው ያሰብኩት።

አባዬ በሥራ ቀን ታክሲ ይነዳል። ያን ፎል፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት፣ ጓደኛው ጋሽ ኑሩ ጀርባቸውን ኦፕሬሽን ሆኑና፣ ከኛ ሁለት ሰዓት ርቆ ተራራ ሥር ያለውን ሱቃቸውን ቅዳሜና እሁድ የሚይዝላቸው አጡ። ሱቁ ጋዝ ስቴሽን ነው፤ ቡና፣ ጓንት፣ የዓሣ ማጥመጃ ትል ይሸጣል። ከኋላው ሁለት ክፍል ቤት አለ፣ ከቤቱ ኋላ ጫካ፣ ከጫካው ኋላ ተራራ። አባዬ «እኔ እይዝልሃለሁ» አለ። እማዬ ቅዳሜና እሁድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን ስለምትንከባከብ እኔና አባባ አብረነው እንድንሄድ ተወሰነ። «ተራራ ካዩ ምናልባት ልባቸው ይረጋ ይሆናል» ስትለው ሰምቻታለሁ።

በመጀመሪያው እሁድ፣ ሱብሒ ሰግደው ሲጨርሱ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «ተነሽ፣ ጓሮ ሰው አለ።» አዳመጥኩ። ደረቅ ቅጠል ላይ የብዙ እግር ድምፅ፣ ቀስ እያለ ይመጣል። ከዘራቸውን ይዘው ወጡ፤ እኔ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዤ ተከተልኩ። ሰው የለም። ከጫካው ጫፍ፣ ኦክ ዛፎቹ ሥር፣ ዶሮዎች ናቸው።

ግን ምን ዓይነት ዶሮ! ወገቤ የሚደርሱ። ከሩቅ ጥቁር ናቸው፤ ፀሐይዋ ስትነካቸው ነሐስና አረንጓዴ ይሆናሉ። ራሳቸው መላጣ፣ ሰማያዊና ቀይ። ቅጠሉን በግራ ይጭራሉ፣ በቀኝ ይጭራሉ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ያገኙትን ያያሉ፣ የኦክ ፍሬውን ዋጥ ያደርጋሉ። አንደኛው ትልቁ ደረቱ ላይ ጢም ተንጠልጥሎበታል። እሱ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳሉ፣ እሱ ቀና ሲል ሁሉም ቀና ይላሉ። «ኢማማቸው ነው» አልኩ። አባባ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ገሠጹኝና ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ከመጡ ጀምሮ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ እሳቸውም ኢማሙ ነው የሚሉት።

በከዘራቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ። አሥራ አንድ። ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ።

«የማን ናቸው?»

«እኔ እንጃ።»

«እንዲህ የሰባ ዶሮ ሜዳ ላይ አይበቅልም። የደከመበት ሰው አለ። ይኼኔ እየፈለጋቸው ነው።»

አባባ ቆቅና ጅግራ እያጠመዱ ያደጉ ሰው ናቸው። የዱር ወፍ ምን እንደሚያክል ያውቃሉ፤ በሳቸው ሚዛን ይኼ የቤት ነው። ኋላ አንድ አመሻሽ እየተንደረደሩ ተነስተው ዛፍ ላይ ሲሰፍሩ ስናይ እንኳ «አየሽ፣ ጌታቸው ቆጥ አልሠራላቸውም። ወይ ሰነፍ ነው ወይ ታሟል» ነው ያሉኝ።

ያን ጠዋት እዚያው ቆመው ሕጉን ነገሩኝ። የጠፋ ከብት ያገኘ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። መስጊድ በር ላይ ይናገራል፣ ገበያ ያስለፍፋል፣ ዓመት ይጠብቃል።

«ዓመት ሙሉ?»

«ዓመት ሙሉ። አደራ በላ እንዳይባል።»

«እስከዚያ አገርዎ አይሄዱም?»

«ሰው አደራ ጥሎ እንዴት ይሄዳል?»

ይኼን ይዤ ነው እንግዲህ ከአባባ ጋር ጎረቤት የሄድኩት። ከሱቁ ወረድ ብሎ ካለው ወንዝ ማዶ ሚስተር ዴል የሚባል ሽማግሌ ብቻውን ይኖራል። በፒጃማ ወጣ። አባባ «ሰላም በይልኝ፣ በጠዋት ለመጣነው ይቅርታ በይልኝ፣ ከዚያ ዶሮዎችዎ ወጥተው እኛ ጓሮ ናቸው በያቸው» አሉኝ። ነገርኩት። ሰውየው የበረንዳውን ምሰሶ እስኪይዝ ሳቀ። «የኔ ልጅ፣ የዱር ናቸው እኮ! የማንም አይደሉም። የእግዜር ናቸው በያቸው።»

«ምን አሉ?» አሉኝ አባባ።

አፌን ከፈትኩ። ዓመት የምትለዋ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ትዞራለች። እማዬ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስታለቅስ ታየችኝ።

«የሳቸው አይደሉም። ባለቤቱን ፈልጉት አሉ።»

«አላህ ይባርካቸው፣ ቀና ሰው ናቸው» አሉና የሚስተር ዴልን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። እሱም በደስታ ጨበጣቸው።

ማስታወቂያውን ያን ዕለት ጻፍኩ። እሳቸው ያስጽፉኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ፣ በትልልቁ፦ አሥራ አንድ ትልልቅ ዶሮዎች ተገኝተዋል። ባለቤቱ ምልክታቸውን ተናግሮ ይውሰድ። አያቴን ጠይቁ። ሱቁ በር ላይ ለጠፍነው። አባዬ ሊዘጋ ሲወጣ አነበበና ሆዱን ይዞ ሳቀ። እጁን ጎትቼ ከፍሪጆቹ ኋላ ወሰድኩትና ሁሉንም ነገርኩት። ሳቁን ዋጠው። ጢሙን ሲያሽ ቆየና «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። «በይ ተይው፣ እኔ ምንም አላየሁም» አለ።

ቤት ስንመለስ አባባ ለእማዬ እስከ ዓመት እንደማይሄዱ፣ የሰው አደራ እንደያዛቸው አስረዷት። አባዬ ደግሞ ኩሽና ውስጥ እውነቱን ሹክ አላት። «ወላሂ ኃጢአት ነው!» አለች፣ አፏን በመዳፏ ይዛ። ከዚያ እጇን ከአፏ አነሳችና «ዓመት ግን ብዙ ነው፣ አይደል?» አለች። በቃ። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ሽማግሌ ላይ አደመ። ያን ሳምንት የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ለመታጠብ ብቻ ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቅዳሜና እሁዶች፣ እውነቴን ነው፣ ከልጅነቴ ሁሉ የምወዳቸው ናቸው። የወተት ሣጥን ገልብጠን ጓሮ እንቀመጣለን። በአፍንጫ ብቻ መተንፈስ፣ እጅን ብብት ውስጥ መክተት፣ ዐይናቸውን ትኩር ብሎ አለማየት አስተማሩኝ። «ትኩር ያለ ዐይን ይከብዳል፤ ሰውንም ይከብደዋል» ይሉኛል። ቅጠሉ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ቡና ዓይነት ሲሄድ እዚያው ቁጭ ብለን አየነው። ውርጭ የወረደ ጠዋት ዶሮዎቹ ላባቸውን ነፍተው ሲቆሙ፣ አባባ ጋቢያቸውን ግማሹን ለኔ ያለብሱኛል። አማርኛዬ የተቃናው እዚያ ነው። ጥሬ በቆሎ እንበትንላቸዋለን፤ አባባ አንዲት ፍሬ እንኳ ወደ ራሳችን እንድትቀር አይፈቅዱም። «ለአደራ ሲሰጥ እጅ አይሰሰትም» ይላሉ።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ ወደዳቸው። ማስታወቂያው ላይ ቀልድ ይጽፋሉ። አንዷ «ስማቸውን ጠይቋቸው፣ አድራሻቸውን ያውቁ ይሆናል» ብላ ጻፈች። አባባ «ምን ይላል?» ሲሉኝ «አላህ ይስጥልን ይላል» አልኳቸው። ውሸት አንዴ ከጀመሩት እንደ ሹራብ ክር ነው፤ ጫፉን ይዤ እየጎተትኩ ነበር።

የሚያመኝ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ በሰገዱ ቁጥር ለዶሮዎቹ ባለቤት ዱዓ ያደርጋሉ። «ያ አላህ፣ ንብረቱን መልስለት፣ ሆዱን አታባባው» ይላሉ፣ ለሌለ ሰው። እኔ ኋላቸው ቆሜ «አሚን» ማለት ያቅተኛል። ሁለተኛው ላሟ ናት፤ አሁን ቅዳሜም ይደውሉላታል። ተራራው ሥር ስልክ ስለማይሠራ ከሱቁ በላይ ያለችው ጉብታ ላይ ወጥተው ነው ኮል የሚያደርጉት። «ትንሽ ታገሺ፣ የሰው አደራ ይዞኝ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። አንድ ቀን ስልኩን ዘግተው ዐይናቸውን በጋቢው ጠረጉ። ላሟ ባሰባት ብዬ ክው አልኩ። እኔ ነኝ የገደልኳት አልኩ በልቤ።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ወጣት ፒካፑን ሱቁ በር ላይ አቁሞ ቡና ሊገዛ ገባ። አባባ ከውጭ ቆመው ነበር። ጭነቱ ላይ ሲያዩ ኢማሙ ተጋድሟል። ጢሙ፣ ያ ነሐስ ክንፉ፣ አንገቱ ተንጠልጥሎ።

እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቻቸው አላውቅም። «የሰው ንብረት ነው! ቢስሚላህ እንኳ ሳይባልበት!» ክንፉን በአንድ እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። ወጣቱ ቡናውን ይዞ ወጣ፣ አባዬም ተከትሎት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ የርስዎ መሬት ላይ አይደለም የመታሁት። ፈቃድ አለኝ። የዱር ወፍ ነው፣ ፈቃድ ያለው ሁሉ ያድናል» አለና ከቦርሳው ወረቀት አወጣ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

የጃኬቴን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች መጎተት ጀመርኩ።

«ልጄ፣ ምን አለ?»

አባዬን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። አባባ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ። ገባቸው። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከክንፉ ላይ አነሱ። ወጣቱን ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁት። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱና ማስታወቂያውን ራሳቸው ላጡት፣ አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አባዬ ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ይዞን ተመለሰ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪናው ውስጥ የሚሰማው የዝናብ መጥረጊያው ድምፅ ብቻ ነበር። እኔ ከኋላ ወንበር ጠፍቼ ብቀር ደስ ባለኝ።

ቤት ስንገባ ክፍላችን ገብተው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ማን ማን ያውቅ ነበር?»

«ሁላችንም።»

«እናትሽም?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እንዳይሄዱ» አልኩና ለቅሶዬ መጣ። «በኔ ማንኮራፋት ነው የሚሄዱት።»

«ምን አልሽ?» አሉ። ከዚያ የላሟንም ነገርኳቸው፤ በስልክ ሲያባብሏት እንደሰማሁ፣ በኔ ምክንያት እንደታመመች። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ፊታቸው ከሳቁ በፊት ከነበረው ይልቅ አዘነ።

«ላም አይደለችም፣ ልጄ። ሚስቴ ናት። ፋጡማ ትባላለች። እዚህ ከመምጣቴ በፊት ኒካህ አሰርን። ጉልበቷን ያማታል፣ ልጅ የላትም። ለእናትሽ ልነግራት በየቀኑ እነሳለሁ፣ ፊቷን ሳይ አፌን ይይዘኛል። እናቷን የቀበርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። እናንተ ዋሻችሁኝ፣ እኔም ደበቅኳችሁ። ተካክለናል።»

አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር አባትና ልጅ ፊት ለፊት አይነጋገሩትም። ሽማግሌ ይላካል። እዚህ የምልከው ሽማግሌ የለኝም። አንቺ ሂጂልኝ። የምልሽን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ትነግሪያታለሽ። ደግሞ እሺ እስክትልሽ አትቀመጪም፤ የተላከ ሰው እሺ ሳይባል አይቀመጥም።»

እማዬ ከሥራ ገብታ ኩሽና ውስጥ ዩኒፎርሟን ትተኩሳለች። በጊዜ ለምን እንደተመለስን አልጠየቀችም፤ አባዬ ቀድሞ ነግሯታል መሰለኝ። «ነይ፣ ተቀመጪ፣ ምሳ በላሽ?» አለችኝ።

«አልቀመጥም። ተልኬ ነው።»

ካውያው እጇ ላይ ቆመ። የወሎ ልጅ ናት፤ ገብቷታል። እኔ አባባ ያሉኝን በቃሌ ይዤዋለሁ፦

«አባባ እንዲህ ብለዋል። ሚስት አግብቻለሁ። ፋጡማ ትባላለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ውሃ የሚያቀብላት የለም። እናትሽን ረስቼ አይደለም። እንድሄድ ፍቀጂልኝ። አፉ በይኝ።»

ካውያውን ነቀለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አፈሩ እንኳ ሳይደርቅባት» አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው። «እኔ እዚህ ብቻቸውን ናቸው ብዬ ልሙት፣ እሳቸው እዚያ …» አልጨረሰችውም። ልቀፋት ፈለግኩ፣ ግን የተላከ ሰው ያቅፍ እንደሆነ አልነገሩኝም። እግሬን አሞኝ ነበር፣ በዚህ እግር በዚያ እግር እየቀያየርኩ ቆምኩ። መቼም ከዚያ ቀን የረዘመ ቀን አላስታውስም።

በመጨረሻ ፊቷን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠረገችና ዞረች። «ሂጂ ጠይቂልኝ።»

«ምን ልበል?»

«የእግራቸው ቁጥር ስንት ነው? ጉልበቱን የሚያመው ሰው በፕላስቲክ ጫማ አይሄድም። ሶሉ ወፍራም፣ እኔ ሥራ የማደርገው ዓይነት ነው የሚያስፈልጋቸው።»

ኮሪደሩን ሮጥኩ። አባባ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። የተላክሁትን ነገርኳቸው። ሲዞሩ ጢማቸው ረጥቧል።

«የአያትሽን ጫማ ነው የምታደርገው» አሉ ቀስ ብለው። «እናትሽ ከዚህ የላከችውን። ሰጠኋት፣ ልክ ሆነላት።» «ይኼን አትንገሪያት። ሠላሳ ሰባት ብቻ በያት።»

ተመለስኩ። እማዬ ካውያውን አልነካችውም፤ እዚያው ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ሠላሳ ሰባት» አልኳት።

ዩኒፎርሟን አነሳች፣ አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው።

«የእናቴ ቁጥር ነው» አለች። ከዚያ ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ አቀረበችልኝና «በይ፣ ተቀመጪ» አለችኝ።